«ኃጢአት ነው ወይ?» እያልኩ የጠጣኋቸው ዓመታት

ምዕራፍና ቁጥሩን ጠርቼ በቃሌ የያዝኩት የመጀመሪያው ጥቅስ 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥23 ነው። ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ውኃ ብቻ አትጠጣ፣ ስለ ሆድህ ሕመም ጥቂት ወይን ጠጅም ያዝ እያለ የሚመክርበት ቦታ። እኔ ሆዴን አሞኝ አያውቅም። «ጥቂት» የምትለዋን ቃልም ሁሌ እዘላት ነበር።

ይህን የምጽፈው ክርስቲያን ሆኖ «መጠጥ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም?» እያለ ለሚብሰለሰል ሰው ነው። በተለይ ጥያቄውን ብርጭቆ ይዞ ለሚጠይቅ። እኔ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ብርጭቆ ይዤ ጠይቄዋለሁ። ካቆምኩ ስምንት ዓመት አልፎኛል። ቄስ አይደለሁም፣ ፓስተርም አይደለሁም። የቤት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ።

የተወለድኩት ደብረ ብርሃን ነው። እናቴ ጠላ ሻጭ ነበረች። አባታችን ቀድሞ ስላረፈ እኔንና ታናሽ እህቴን ያሳደገን ጋን ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ደጃችን ላይ እንጨት ተተክሎ ጫፉ ላይ ጣሳ ተደፍቶበት ነበር። የጠላ ቤት ምልክት ነው፤ ፊደል ያልቆጠረም ያነበዋል። ደብተራችንም፣ ጫማችንም፣ ስንታመም መድኃኒታችንም የተገዛው በጣሳ እየተለካ ከተሸጠ ጠላ ነው።

ጌሾ እየወቀጥኩ አደግኩ። ጋኑ በወይራ ጭስ ሲታጠን፣ አሻሮው ሲቆላ፣ እንኩሮው ሲነኮር እዚያው ነበርኩ። ጥንስሱ ሲፈላ የሚያሰማትን ትንሽ ድምፅ ጆሮዬን ጋኑ ላይ ለጥፌ እሰማት ነበር። ሲደርስ እናቴ «ና ቅመስልኝ» ትለኛለች። ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። «ጌሾው በዝቷል» እላለሁ። ወይም «ገና ነው፣ ይደር»። ምላሴ አይሳሳትም ነበር። ጠጪዎቹ ሁሉ ይገረሙብኝ ነበር። በሕይወቴ መጀመሪያ የተመሰገንኩት በትምህርት አይደለም፣ በዚህ ነው። አሁን በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። የኔ ግን ሽያጭ አልነበረም፣ ምርቃት ነበር።

እንግዲህ እኛ ቤት ውስጥ «መጠጥ ኃጢአት ነው» ማለት «እናትህ ኃጢአተኛ ናት» ማለት ነው። ማን ይለዋል?

ደግሞም ጠላ ለኛ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የማይጠፋ ነገር ነው። በሰንበቴው አለ። በተዝካሩ አለ። እናቴ የሚካኤል ማኅበርተኛ ነች፤ ወር በገባ በ12 ጸሎት ተደርሶ፣ ካህኑ ባርከው ጽዋው ይዞራል። ቢራው እንኳ ሳይቀር የሰማዕት ስም ይዟል፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1922 ጀምሮ ሲጠመቅ የኖረ ነው። በዚህ ሁሉ መሐል ያደገ ልጅ መጠጥን ከበረከት ለይቶ የሚያይበት ዓይን ከየት ያመጣል?

አንድ ነገር ግን ልብ አላልኩም ነበር። ግሮሰሪ ተቀምጬ «ቁርባኑስ ወይን አይደለም እንዴ?» እያልኩ ስከራከር ኖሬያለሁ። በኛ ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ የሚቀርበው ከዘቢብ ተጨምቆ የሚዘጋጅ ነው እንጂ ከርሞ የፈላ መጠጥ አይደለም። አንድ ዲያቆን ልጅ ይህን ሲነግረኝ የተናደድኩት ንዴት እስካሁን ያስቀኛል። ክርክሬን ነው የቀማኝ።

እህቴ ነርስነት ልትማር ዩኒቨርሲቲ ገብታ እዚያው ጌታን ተቀበልኩ አለች፤ ጴንጤ ሆነች ማለት ነው። ለእረፍት ስትመጣ የማኅበሩ ቀን ገጠመ። ተራው የእናቴ ነበር። ቤቱ ሞልቷል። ለእህቴ ጠላ ሲቀዳላት ብርጭቆውን በእጇ ከደነችው። በቃ፣ ይቺን ታህል ናት ያደረገችው። እናቴ ግን አየቻት።

«በዚህ ጠላ አይደለም ወይ ያደግሽው?»

እህቴ አለቀሰች። እናቴም አለቀሰች። እኔ ደግሞ ጥቅሴን መዘዝኩ። ቃና ዘገሊላን ጠቀስኩ። ጢሞቴዎስን ጠቀስኩ። ወይን የሰውን ልብ ደስ ያሰኛል የሚለውን መዝሙር ጠቀስኩ። እሷም አላነሰች፣ ኤፌሶን 5፥18ን አመጣች፤ በወይን ጠጅ አትስከሩ የሚለውን። ምሳሌ 23ን አነበበችልኝ፤ ዋይታው ለማን ነው፣ ጠቡስ ለማን ነው፣ የዓይን ቅላትስ ለማን ነው እያለ የሚሄደውን። ዓይኔ እውነትም ቀልቶ ነበር። እስከ እኩለ ሌሊት ተጨቃጨቅን። መጨረሻ ላይ በር ላይ ቆማ እንዲህ አለችኝ፦

«ጋሼ፣ እኔ የተውኩት ኃጢአት ነው ስላሉኝ ብቻ እንዳይመስልህ። አንተን ስላየሁ ነው።»

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አላናገርኳትም።

ዛሬ ስለ ጥቅሶቹ ብትጠይቁኝ የማምነውን እነግራችኋለሁ። መጽሐፍ ቅዱስ ወይንን ጨርሶ አልከለከለም። ስካርን ግን ያለ አንዳች ማመንታት ኮንኗል፤ ሰካሮች የእግዚአብሔርን መንግሥት አይወርሱም ብሎ ከሌቦችና ከነጣቂዎች ተርታ አሰልፏቸዋል። የኛ አባቶችም መጠጣቱን አይከለክሉም፣ መስከሩን ነው የሚያወግዙት። ወንጌላውያኑ ደግሞ በኛ አገር በአብዛኛው ጨርሶ አይነኩትም። ሠርግ ላይ ሚሪንዳ የያዘ ሰው ካያችሁ ሃይማኖቱን ሳትጠይቁ ታውቁታላችሁ። ይህ ግን ፕሮቴስታንት ሁሉ የሚኖርበት ሕግ አይደለም። የማርቲን ሉተር ሚስት ካታሪና ቤቷ ውስጥ ቢራ ትጠምቅ ነበር። ይህን ለእህቴ ስነግራት «እንግዲያው ከእማዬ ጋር ይግባባሉ» ብላ ሳቀች። እኛ አገር ጨርሶ መተው የጠነከረው ብዙዎቹ ሚሲዮናውያን መጠጥን ፈጽሞ ከሚከለክሉ አብያተ ክርስቲያናት ስለመጡ ነው። ደግሞም መጠጥ መተው ለአዲስ አማኝ ጎረቤት ሁሉ የሚያየው ምልክት ሆነ። እኔ በዚህ አልስቅም። ስንት ቤት ተርፎበታል።

ይሄ ሁሉ እውቀት ግን አንዲት ብርጭቆ አላስቀረልኝም። ነገሬም ይኸው ነው። «ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ጥያቄ ለኔ መደበቂያ ነበር። ክርክሩ እስካላለቀ ድረስ መጠጣት እችላለኋ! ክርክሩ ደግሞ ሁለት ሺህ ዓመት አላለቀም።

ሌላው መደበቂያዬ ጾም ነበር። ዐቢይ ጾም ሲገባ አቆማለሁ። ሃምሳ አምስቱን ቀን ጠብታ አልቀምስም። «ሱስ ቢሆንብኝ እንዴት 55 ቀን እችላለሁ?» እላለሁ። ባለቤቴም ደስ ይላታል። የፋሲካ ሌሊት ከቅዳሴ መልስ ግን የ55ቱን ቀን ውዝፍ በአንድ ሳምንት እከፍላለሁ። በጾሙ ውስጥም ቢሆን የምቆጥረው ወደ ትንሣኤ የቀረውን ቀን ሳይሆን ወደ ቢራው የቀረውን ነበር። እናንተም በየጾሙ የምታቆሙ ከሆነ ማቆም መቻላችሁን ብቻ አትዩ። በፋሲካ ምን እንደምትናፍቁ እዩ። በኋላ በኋላማ ጾሙንም አልቻልኩም።

ሥራዬም አገዘኝ። ቤት ገመድ ዘርግተህ መብራቱ ቦግ ሲል ባለቤቱ ደስ ይለዋል፣ «ና እንጂ አንድ እንበል» ይልሃል። አንዱ አራት ይሆናል። ቢራው ሆድ ሲሞላብኝ ወደ አረቄ ዞርኩ፤ ርካሽም ነው። እዚህ ላይ ማወቅ ያለባችሁ አለ። ጠላ የአልኮል መጠኑ በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 በመቶ ነው፣ ተጣርቶ የሚቀርበው ፊልተር ጠላ ከዚያ ይጠነክራል። ጠጅ ከ7 እስከ 14 ይደርሳል። አረቄ ወደ 40 ይጠጋል፣ ሁለተኛ የወጣው ዳግሙ ያልፈዋል። ቤት ውስጥ የሚወጣ ስለሆነ የዛሬው ከትናንቱ አይመሳሰልም። እናቴ በሕይወቷ አረቄ ሸጣ አታውቅም። «እሱ ሰው ይበላል» ትላለች። ጠላው አይበላም ብላ ነው የምታምነው፤ እኔም አልከራከራትም።

ከዚያ ጠዋት ጠዋት እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ካቻቢቴ ብሎኑ ላይ ማሳረፍ አቃተኝ። ለአንጎበሩ ብዬ አንድ መለኪያ ስወስድ እጄ ጸጥ ይላል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠጥቶ ገመድ ይነካል፣ ካልጠጣ ደግሞ ገመዱን መያዝ አይችልም። እስቲ ይሄን አስቡት።

በ2008 ፍልሰታ ባለቤቴ እየጎተተች ንስሐ አባታችን ዘንድ ወሰደችኝ። እሳቸው ራሳቸው በማኅበር አንድ ዋንጫ ጠላ አይጠሉም፤ ያን ይዤ ልከራከር ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት። «አባቴ፣ መጠጥ ኃጢአት ነው ወይ?» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝና ሌላ ነገር ጠየቁኝ።

«ልጅህ ስንት ዓመቷ ነው?»

«ስምንት።»

«እንግዲያው ቀኖናህ ይህ ነው። ልጅህ አጠገብህ ልትቀመጥ በማትችልበት ቦታ እንዳትጠጣ። እሷ ባለችበት ግን ጠጣ፣ አልከለክልህም።»

ስግደት የለው፣ ጾም የለው። እየሳቅኩ ወጣሁ።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ አንዱ ወደ ግሮሰሪ ጠራኝ። ልጄን ግሮሰሪ ልወስዳት ነው? ቤት ገባሁ። ሦስት ቢራ ገዝቼ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ። ልጄ ፊት ለፊቴ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። አንዱን ጨረስኩ። ሁለተኛውን ስከፍት ቀና ብላ «አባዬ፣ ይሄ ስንተኛህ ነው?» አለችኝ። በክፋት አልነበረም፤ መቁጠር የምትወድ ልጅ ነበረች። «ሁለተኛ» አልኳት። እርሳሷን አንስታ ደብተሯ ጠርዝ ላይ ሁለት ሰረዝ አደረገች።

ሦስተኛውን ሽንት ቤት ገብቼ ጠጣሁት።

እዚያ ሽንት ቤት ውስጥ ቆሜ መልሱ ገብቶኝ ነበር። ማንም ጥቅስ አልጠቀሰልኝም። ከንስሐ አባቴ ግን አምስት ወር ተደበቅሁ።

ጥር 12 ቀን 2009 መጣ። የሚካኤል ታቦት ከጥምቀተ ባሕር ወደ መንበሩ የሚመለስበት ቀን ነው፤ ቃና ዘገሊላም የሚከበረው በዚሁ ቀን ነው። ልጄ በሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ውስጥ ነጭ ለብሳ እየዘመረች ትመጣለች። እኔ ከጠዋት ጀምሬ ከጓደኛዬ ጋር ነበርኩ። ታቦቱን ልቀበል ወጥቼ አስፋልቱ ዳር ተቀመጥኩ። ከዚያ ተጋደምኩ መሰለኝ። በድምፅ ማጉያው ሰባኪው ስለ ቃና ሠርግ ይሰብካል፤ የኔው ጥቅስ! ምንጣፍ እየጠቀለሉ ወደ ፊት የሚያነጥፉት ወጣቶች አጠገቤ ደረሱ። አንዱ «አንሱት፣ ታቦት እየመጣ ነው» አለ። ስለ ድንጋይ የሚያወራ ነበር የሚመስለው። በብብቴ ይዘው አነሱኝ።

መዘምራኑ በፊቴ አለፉ። ልጄ አየችኝ። መዝሙሩን አላቋረጠችም። ዓይኗን ግን ከላዬ ላይ አንስታ መሬት ላይ ጣለችው፤ ሰልፉ እስኪያልፍ ድረስ አላነሳችውም።

በዚያው ቀን አቆምኩ። እዚህ ላይ ግን የሠራሁትን ስሕተት አትድገሙት። እኔ ጠዋት ካልጠጣሁ እጄ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሆኜ ሳለሁ በድንገት፣ ብቻዬን፣ ቤት ዘግቼ ነው ያቆምኩት። በመጀመሪያው ሌሊት አላበኝ፣ እንቅልፍ የለም። በሁለተኛው ሌሊት ግድግዳው ላይ ጉንዳን ሲርመሰመስ አየሁ። ጉንዳን አልነበረም። ጎረቤት «ጋኔኑ ሲለቀው ነው» አለ። ባለቤቴ ጸበል ልትወስደኝ ነጠላዋን ስትለብስ ንስሐ አባታችን ጋ ደወለች። «ጸበሉ የትም አይሄድም። አሁን ሐኪም ቤት ውሰጂው» አሏት። ከዚያ እህቴ ጋ ደወለች። ሁለት ዓመት ተኮራርፈን፣ ከዚያም በኋላ በደንብ ሳንታረቅ የኖርን ወንድምና እህት ነን። በግማሽ ሰዓት ውስጥ መጣች። ትኩሳቴን ለካች፣ እጄን ዘርጋ አለችኝ፣ ጣቶቼን አየች፣ «ጋሼ ተነስ» አለች። ጥቅስ አልጠቀሰችም።

ሐኪሙ ያስረዳኝ እንዲህ ነው። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ በብዛት የጠጣ ሰው አንጎሉ መጠጡን ለምዶታል። በድንገት ሲቋረጥበት ይታወካል። ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የሌለ ነገር ማየት ይመጣል። የሚጥል በሽታ እንዳለበት ሰው መንዘፍዘፍም ሊያመጣ ይችላል። ሊገድልም ይችላል። ለዚህ በየቀኑ መጠኑ እየተቀነሰ የሚሰጥ መድኃኒት አለ። ቫይታሚን ቢ1ም ይሰጣል፤ ብዙ የሚጠጣ ሰው እሱ ያንሰዋል። አራት ቀን ተኛሁ። ስለዚህ ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥበት ሰው እባካችሁ «በጸሎት አቆማለሁ» ብሎ ቤት አይዝጋ። ይጸልይ፣ ግን ሐኪም ቤት ሆኖ ይጸልይ። ጸበልም እኔ በኋላ ሄጃለሁ፣ ሰባት ቀን ተጠምቄያለሁ፤ ጠቅሞኛልም። መጀመሪያ ግን በሕይወት መትረፍ ነበረብኝ።

ከሆስፒታል መውጣቱ ቀላሉ ነው። ከባዱ ሰው ቤት መሄድ ነው። በኛ አገር መጠጥ እንቢ ያለ ሰው ምክንያት ይጠየቃል። «ምነው፣ ጴንጤ ሆንክ እንዴ?» ይሉሃል። ወይም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «መድኃኒት ጀመርክ?» ይሉሃል። ከዚያ «በሞቴ» ይመጣል። «አፈር ስሆን፣ አንዲት ብቻ» ይመጣል። እኔ በመጀመሪያ «ሐኪም ከልክሎኝ ነው» እል ነበር፤ እውነትም ነበር። ግን «ሐኪም ምን ያውቃል፣ ጠላ መድኃኒት ነው» ይሉኛል። «ጨጓራዬን» ስል አብሽ አዘዙልኝ። በመጨረሻ አንዲት ቃል አገኘሁ፦ «ንስሐ አባቴ ገዝተውኛል።» ወዲያው ጸጥ! ግዝት የሚያስጥስ ሰው የለም፤ አዛውንቶቹ ራሳቸው «ተዉት፣ ተዉት» ይላሉ። ውሸት እንዳይሆንብኝ ሄጄ እውነትም አስገዘትኩ። ስለት ያለበትም «ተስያለሁ» ማለት ይችላል፤ ያም ይሠራል።

እጃችሁን ባዶ አታድርጉ፤ ባዶ እጅ ይቀዳበታል። ገና ስገባ አምቦ ውኃ እይዛለሁ። ቅራሪ «ቀጭን ናት» ብለው ቢሰጧችሁ አትታለሉ፣ እሷም ከዚያው ድፍድፍ ናት። ብርዝ ጥሩ ነው፣ ግን የዕለቱን ጠጡ፤ ቆየት ያለ ብርዝ ሳታውቁት ጠጅ ይሆናል። ከሪቦ ወይም ተልባ የሚያዘጋጅ ቤት ካጋጠማችሁ ደግሞ በዓል ነው። ማልት ለብዙ ሰው ይሆናል፤ ለኔ ግን ጠርሙሱን ስከፍተው የሚሰማው ድምፅ ብቻ ስላስጎመጀኝ ትቼዋለሁ። ጋባዥ የሆናችሁ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ጋብዙ። ሁለተኛው «በሞቴ» አንዳንዱን ሰው እውነትም ይገድለዋል።

ማኅበሩን ምን አደረግኩት? መውጣት አልፈለግኩም። የሚካኤል ማኅበር ነው፣ ከአባቶቼ የወረስኩት ነው። ሙሴያችንን፣ የማኅበሩን መሪ ማለቴ ነው፣ ለብቻቸው አግኝቼ እውነቱን ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና ጽዋው ለኔ ሲደርስ ከንፈሬን ብቻ እንዳስነካ ፈቀዱልኝ። አልሆነልኝም። ከንፈሬ ላይ የቀረችውን ይዤ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ከዚያ ተራዬ ሲደርስ ጽዋውን በብርዝ አዘጋጀሁት፤ ለሌላው ጠላ አቀረብኩ። ሁለት ሰው አጉረመረመ። ከወር በኋላ ግን አንድ ማኅበርተኛ ውጭ ጠብቆ «ያንተ ዓይነት ብርዝ እኔ ጋም ይኑር ብዬ ነው፣ ልጄ...» ብሎ ጀምሮ ሳይጨርሰው ቀረ። አሁን በየተራው ብርዝ አለ።

ወድቄ አላውቅም እንዳልል፣ ወድቄያለሁ። በ2010 የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ አንድ ብርሌ ጠጅ ጠጣሁ። አንድ ብቻ። «አሁን ድኛለሁ፣ እንደ ሰው ልጠጣ» ብዬ ነው። ወደ ቤት የተመለስኩት በአራተኛው ቀን ነው። ጳውሎስ ሁሉ ተፈቅዶልኛል፣ ግን ምንም ነገር አይሠለጥንብኝም ያለው ያኔ ነው የገባኝ። ጎረቤቴ በበዓል ሁለት ብርጭቆ ጠጥቶ ሣሩ ላይ ተቀምጦ ይጫወታል፣ ሦስተኛውን ሲቀዱለት አላይም ይላል። ለሱ የተፈቀደለት ነው፤ አልፈርድበትም፣ አልቀናበትም ብል ግን ውሸት ነው። ለኔ ጢሞቴዎስ የተመከረው «ጥቂት» የሚባለው ነገር የለም። እኔ ያለኝ ምንም ወይም አራት ቀን ነው።

አንድ ወንጌላዊ የሥራ ባልደረባ አለኝ። ቢራውን ሻይ ኩባያ ውስጥ አስቀድቶ የሚጠጣ ሰው ነበር። ለስምንት ዓመት መዘምር ነው። ቢታወቅበት ከአገልግሎት ይታገዳል፣ ከኅብረትም ሊለይ ይችላል። ስለዚህ ማንንም እርዳታ ጠይቆ አያውቅም። እኔ «አይከለከልም» በሚለው ውስጥ ተደብቄ ስጠጣ እሱ «ፈጽሞ ይከለከላል» በሚለው ውስጥ ተደብቆ ይጠጣ ነበር። የነገረኝ እኔ የራሴን ስነግረው ነው። ሽማግሌዎቹ ጋ አብሬው ሄድኩ፤ ኦርቶዶክሱ ጴንጤውን ይዤ! ለስድስት ወር ከመዘምራን አሳረፉት። ከመካከላቸው አንዱ ሽማግሌ ግን ስድስቱን ወር ሙሉ በየማታው ደውሎለታል። እናንተም ይህን ዓይነት ሽማግሌ ፈልጉ፤ የሚፈርድ ብቻ ሳይሆን የሚደውል። የኛም ንስሐ አባት ቢሆን የማይደውል ከሆነ ደጋግማችሁ እናንተ ደውሉ።

ልጄ አሁን አሥራ ሰባት ሊሞላት ነው። ስለዚያ ጥር 12 አንድ ጊዜ ብቻ አውርተናል። «ረስቼዋለሁ» አለችኝ። አልረሳችውም። የሂሳብ ደብተሯን ጠርዝ ባለቤቴ ቀድዳ አስቀምጣዋለች፤ ሁለቱ ሰረዞች አሉበት።

እናቴ አርጅታለች፣ ጠላ መሸጥ ትታለች። ለኅዳር ሚካኤል ግን በዓመት አንዴ ትጠምቃለች። ባለፈው ጋን የሚያጥብላት ስላጣች እኔ ሄድኩ። አጥቤ፣ በወይራ አጥኜ ሰጠኋት። የጌሾ ሽታ ዛሬም ደስ ይለኛል፣ ምን ላድርግ። ሲደርስ ማንኪያውን ጠላው ውስጥ ነክራ አወጣችና እንደ ልማዷ ወደኔ ዘረጋችው። «ና ቅመ...» አለችና ቆመች። እጇ አየር ላይ ቀረ። ማንኪያውን መለሰችና በአጥሩ በኩል ጎረቤቷን ጠራች።

ሴትዮዋ ቀምሳ «ደርሷል እትዬ» አለች። ገና ነበር፤ ከሽታው አውቄዋለሁ። ዝም አልኩ።